«እውነቱ» የተባለው ውሸት

ጋዜጣ ላይ ከሚታተሙ ቃላት ሁሉ እጅግ አደገኛው የትኛው ነው ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ስድብ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ዛቻ ነው የምትሉም አትጠፉም። የእኔ መልስ ግን ሌላ ነው። ስድብ የሰማ ሰው ተሳዳቢውን ይለየዋል፤ ዛቻ የሰማም ይጠነቀቃል። አደገኛው ቃል «እውነቱ» የሚለው ነው፤ ውሸት ላይ ሲለጠፍ ማለቴ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1989 ረቡዕ ዕለት በእንግሊዝ አገር የሚታተመው «ዘ ሰን» የተባለ ጋዜጣ ይህንኑ ቃል በትልልቅ ፊደላት የፊት ገጹ ላይ አወጣ። ከሥሩም ሦስት ክሶች ደረደረ። ክሶቹ የተሰነዘሩት ከአራት ቀን በፊት ኳስ ለማየት ሄደው በግፊያ ተጨፍልቀው በሞቱ ሰዎች ወገኖች ላይ ነበር። ሦስቱም ሐሰት ነበሩ። ያንን ገጽ በዚያ አርዕስት እንዲወጣ ያዘዘው ዋና አዘጋጅ ኬልቪን ማኬንዚ ይባላል። ዛሬ የማነሳላችሁ የዚህን ሰው የሥራ ታሪክ ነው።

«የአንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ታሪክ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሰኝ። ጽሑፉ ሳያልቅ ነገሩ ወደየቤታችን ይመጣል።

ሰውየው ማን ነው?

ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በወጣትነቱ የጋዜጣ ሥራ ጀመረ። ይህ ነውር አይደለም፤ ይህን የምጽፍላችሁ እኔም ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ የቀለም ትምህርት የለኝም። የጋዜጣው ባለቤት ሩፐርት መርዶክ «ዘ ሰን»ን የገዛው በ1969 ሲሆን፣ በ1981 ማኬንዚን ዋና አዘጋጅ አድርጎ ሾመው። ማኬንዚም እስከ 1994 ድረስ በዚያ ወንበር ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። በዘመኑ ጋዜጣው በቀን አራት ሚሊዮን ያህል ቅጂ ይሸጥ ነበር። በሦስተኛው ገጹ ላይ እርቃኗን የቆመች ሴት ፎቶግራፍ ያወጣ እንደነበር ዓለም ያውቀዋል። ያ ልማድ ከማኬንዚ በፊት በ1970 የተጀመረ ነው፤ እሱ ግን አላስቀረውም።

ፍርድ ሚዛን ይፈልጋልና የሰውየውን ችሎታ አልክድም። አርዕስት ማውጣት ያውቅበታል። በሦስትና በአራት ቃል የሰውን ዓይን ይይዛል፤ ያስቃል፣ ያናድዳል፣ ያስገዛል። በ1992 የእንግሊዝ ምርጫ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ሲያሸንፍ «ያሸነፍነው እኛ ነን» የሚል መልእክት ያለው አርዕስት በፊት ገጹ ላይ አውጥቶ የመንግሥት ሿሚ ነኝ እስከ ማለት ደርሷል። ተሰጥኦ ግን ስለት እንዳለው ቢላዋ ነው። ሥጋ የሚቆርጥበት አለ፣ ሰው የሚወጋበት አለ። የምንጠይቀው «ቢላዋው ይቆርጣል ወይ?» ብለን አይደለም፤ «ምን ቆረጠበት?» ብለን ነው።

ከ1989 በፊት

ያ የ1989 ገጽ ድንገት የመጣ ስህተት ነው የሚሉ ስላሉ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን እንመልከት።

በ1982 እንግሊዝና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ምክንያት ተዋጉ። ሜይ 2 ቀን የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለችውን የአርጀንቲና መርከብ አሰጠማት። 323 ሰዎች ሞቱ። ማኬንዚ በመጀመሪያው እትሙ ላይ ያወጣው አርዕስት ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ያዝናችሁ!» የሚል ነው፤ ልጆች አኩኩሉ ሲጫወቱ እንደሚሉት ማለት ነው። የሟቾቹ ብዛት ሲሰማ በኋለኞቹ እትሞች አርዕስቱ ተለወጠ። ጠላት ቢሆንስ? ባሕር ውስጥ የሚሰጥም የሰው ልጅ መሳለቂያ ነውን?

በዚያው ጦርነት አንድ እንግሊዛዊ ወታደር በጀግንነት ሞቶ የአገሪቱ ከፍተኛ ሜዳይ ተሰጠው። «ዘ ሰን» ከወታደሩ ባለቤት ጋር ብቻዬን አደረግሁት ያለውን ቃለ ምልልስ አተመ። ሴትዮዋ ግን ከጋዜጣው ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጠችም። የእንግሊዝ የፕሬስ ምክር ቤት ድርጊቱን ሕዝብን ማታለል ነው ሲል አወገዘው። ልብ በሉ! ባሏን ቀብራ ዕንባዋ ያልደረቀ ሴት ያልተናገረችውን እንደተናገረች አድርገው ሸጡት።

በ1986 ፍሬዲ ስታር የተባለ ቀልደኛ ሃምስተር የምትባለውን ትንሽ የቤት እንስሳ በዳቦ አድርጎ በላ ብሎ ጻፈ። ሰውየው አላደረግሁትም ብሏል። አገሩ ሁሉ ግን ሳቀ፤ ዛሬም ድረስ ይስቃል። ሰዎች የማኬንዚን ስም ሲያነሱ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዚህችው ቀልድ ነው። ሰው የሚያስቅ ውሸት ሲለምድ የሚያስለቅሰውን ለመናገር አይቸገርም።

በ1987 ደግሞ ስለ ዘፋኙ ኤልተን ጆን ተከታታይ አሳፋሪ ታሪኮችን አወጣ። ታሪኮቹ ሐሰት ሆነው ተገኙ። ዘፋኙ ጠበቃ ቀጥሮ ከሰሰ፤ በዲሴምበር 1988 ጋዜጣው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ በፊት ገጹ ላይ በትልልቅ ፊደላት ይቅርታ ጠየቀ። ይህንን የ1988 ይቅርታ አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሰውየው 1989 ላይ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። የሰጠመ ሲሰጥም አላገጠ፤ ሳይነገረው ተነገረኝ አለ፤ ለሳቅ ዋሸ፤ ለሽያጭ ዋሸ። ራሱ ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ጋዜጦችን ለመረመረው የዳኛ ሌቬሰን አጣሪ ጉባኤ ስለ አሠራሩ ሲያስረዳ፣ ወሬው እውነት ከመሰለ እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ ያወጣው እንደነበር ተናግሯል። «ከመሰለ!» ስንት ሰው በዚህች ቃል ተቀበረ!

በሂልስቦሮ የሆነው

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸፊልድ ከተማ በሚገኘው ሂልስቦሮ ስታዲየም ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት በእንግሊዝ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች የቆሙበት ቦታ በብረት አጥር የተከፋፈለ ነበር። ውጭ በር ላይ ሰው ሲጨናነቅ የፖሊሱ አዛዥ ትልቁ መውጫ በር እንዲከፈት አዘዘ። ሰዉ ገባ። ወደ መካከለኛው ክልል የሚወስደውን መተላለፊያ ግን ማንም አልዘጋውም። ያ ክልል አስቀድሞ ሞልቶ ነበር። ከኋላ የሚገባው ከፊት ያለውን አያይም፤ ከፊት ያለው ከብረት አጥሩ ጋር ተጣበቀ። ጨዋታው ከተጀመረ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ተቋረጠ። የሟቾቹ ቁጥር ውሎ አድሮ 97 ደርሷል፤ የመጨረሻው ሰው በዚያ ቀን በደረሰበት ጉዳት ምክንያት የሞተው ከ32 ዓመት በኋላ በ2021 ነው። ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ ነበር።

አዛዡ በዚያው ሰዓት በሩን ሰብረው የገቡት ደጋፊዎቹ ናቸው ብሎ ተናገረ። ራሱ እንዲከፈት ያዘዘውን በር! ውሸት መሆኑን በአደባባይ ያመነው በ2015 ነው።

ከአራት ቀን በኋላ ማኬንዚ ያንን ገጽ አወጣ። ከክሶቹ አንደኛው፣ ደጋፊዎች የሟቾችን ኪስ አወለቁ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በፖሊሶች ላይ ሸኑ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ሰው ለማትረፍ ትንፋሽ ሲሰጥ የነበረን ፖሊስ ደበደቡ የሚል ነው። አንዲት እናት ልጇን ገና ሳትቀብር በየሱቁ ደጃፍ ይህ ተሰቅሎ አነበበች። በዚያ ሜዳ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ገንጥለው እንደ ቃሬዛ እየተሸከሙ የሮጡት፣ ትንፋሽ ሲሰጡ የነበሩት እነዚያው ደጋፊዎች ነበሩ። አዳኙ ሌባ ተባለ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ቴይለር ለአደጋው ዋናው ምክንያት ፖሊስ ሕዝቡን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው ብለው ጻፉ። በሴፕቴምበር 2012 ነፃ አጣሪ ቡድን ሰነዶቹን ሁሉ ገልጦ፣ 164 የፖሊሶች የምስክርነት ቃል እንደተለወጠና ከእነዚህ ውስጥ 116ቱ ፖሊስን የሚያስወቅሰው ነገር እንዲወጣ ወይም እንዲለወጥ መደረጉን አሳየ። በኤፕሪል 26 ቀን 2016 የዳኞች ሸንጎ ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ እንደተገደሉና ደጋፊዎቹ አንዳች ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰነ። ሃያ ሰባት ዓመት! በዚህ መካከል ስንት አባት፣ ስንት እናት የልጃቸው ስም ሳይነጻ ወደ መቃብር ወረዱ?

«አሳስተውት ነው» ለሚሉ

ማኬንዚ ራሱም ሆነ ወዳጆቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ። ወሬውን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ከሸፊልድ የዜና ወኪል መጣለት፤ አንድ የፓርላማ አባልም አረጋገጠለት፤ ሁለት ምንጭ ያለው ወሬ ማመኑ ምን ያስወቅሰዋል? ይላሉ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ወደሆነው ልመልሳችሁ። እኔ ልጅ ሆኜ ቂርአት ቤት ስቀራ አንድ ደረሳ አንድ ወሬ ይዞ ሲመጣ ሸኻችን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ሰማህ?» ብለው አልነበረም። «ከማን ሰማህ?» ይሉታል። ስም ሲጠራ «እሱስ ከማን ሰማ?» ይላሉ። የሐዲስ ዑለማዎች ኢስናድ የሚሉት የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ትርጉሙ ይኸው ነው። ወሬው ከተፈጸመበት ቦታ አንተ እስካለህበት ድረስ በእነማን እጅ እንዳለፈ፣ እያንዳንዱ ማን እንደሆነ፣ ታማኝ ነው ወይስ አይደለም፣ በነገሩ ውስጥ ጥቅም አለው ወይስ የለውም ብሎ አንድ በአንድ መመርመር ነው።

እስቲ የማኬንዚን ሰንሰለት በዚህ እንመርምረው። የዜና ወኪሉ ከማን ሰማ? ከፖሊሶች። የፓርላማው አባልስ ከማን ሰማ? ከፖሊሶች። ታዲያ ሁለት ምንጭ የት አለ? አንድ ምንጭ ነው በሁለት ቦይ የፈሰሰ። ሁለት መንገድ አንድ ሰው ላይ ከተገናኘ ያ ወሬ የአንድ ሰው ወሬ እንደሆነ የመጀመሪያ ዓመት ደረሳ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ፖሊሶቹ እነማን ናቸው? ስማቸው አልተጠራም። ማንነቱ ያልታወቀ አስተላላፊ ዑለማዎች ዘንድ መጅሁል ይባላል፤ በእሱ ብቻ ማስረጃ አይቆምም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው ነው። ተጠያቂው አካል ማን ነበር? ፖሊስ። በሟቾቹ ላይ የመሰከረውስ? ያው ፖሊስ። ባለጋራ በባለጋራው ላይ የሰጠው ምስክርነት በየትኛው ሸሪዓ፣ በየትኛውስ የአገር ሕግ እንዲሁ ይታመናል?

ሌላም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ያንን ወሬ ያወጡ ሌሎች የእንግሊዝ ጋዜጦችም ነበሩ። አብዛኞቹ ግን «ፖሊሶች እንዲህ ሲሉ ከሰሱ» ብለው ነው ያወጡት። እነሱም ከወቀሳ አያመልጡም። ሆኖም አንባቢው ተናጋሪው ማን እንደሆነ እንዲያውቅና እንዲመዝን ቀዳዳ ትተውለታል። ማኬንዚ ያንን ቀዳዳ ደፈነው። «አሉ» የሚለውን አወጣና «እውነቱ» የሚለውን አስገባ። ስለዚህ «አሳሳቱት» አትበሉኝ። ወሬውን ሌላ ሰው ሰጠው እንበል፤ አርዕስቱን የሰጠው ግን እሱ ነው። ፖሊሶቹ የነገሩት ክስ ነበር፤ ክሱን ወደ ፍርድ የለወጠው የእሱ እጅ ነው።

«ሕዝቡ ፈልጎት ነው» ለሚሉ

ሌላው መከራከሪያ የገበያ ነው። አራት ሚሊዮን ሰው በየቀኑ ገዝቶ ካነበበ ጋዜጣው ሕዝቡ የፈለገውን ሰጠው እንጂ ምን አጠፋ? ይላሉ።

ለዚህ መልስ የሰጡት የሊቨርፑል ሰዎች ናቸው። ከዚያ ረቡዕ በኋላ በከተማይቱ ጋዜጣው ተቃጠለ፤ ባለሱቆች ከመደርደሪያቸው አወረዱት፤ አንባቢው ከእጁ ጣለው። አንድ ሳምንት፣ አንድ ዓመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች አድገው ወላጆች ሆነው እንኳ አይገዙትም። በ2017 የሊቨርፑል ክለብ የጋዜጣውን ዘጋቢዎች ከሜዳው አገደ። ድንጋይ መወርወር ሳያስፈልግ፣ ሚኒስትር ሳይለመን፣ ሳንቲምን ከኪስ ባለማውጣት ብቻ!

ስለዚህ «ሕዝቡ ፈልጎት ነው» የሚለው ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ሕዝብ ሲነገረው ይገዛል፤ ውሸት መሆኑን አውቆ ለመተው ሲወስን ደግሞ ይተዋል። ገበያ ለውሸት ማመካኛ አይሆንም። የተበላሸ ሥጋ የሸጠ ሰው «ገዢዎች ተሰልፈው ነበር» ቢል ማን ይተወዋል?

ይቅርታና ተውበት

ዑለማዎቻችን የተውበትን መስፈርቶች ሲዘረዝሩ፣ ጥፋቱን ወዲያው መተው፣ ከልብ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ይላሉ። ጥፋቱ የሰው ሐቅ ከሆነ ደግሞ አራተኛ ይጨምራሉ፦ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። በእነዚህ አራቱ የማኬንዚን ይቅርታ እንመዝነው።

በ1993 ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ቀርቦ በሂልስቦሮ ጉዳይ እንደሚጸጸት ተናገረ፤ ጥፋቴ የፓርላማ አባል የነገረኝን ማመኔ ነው አለ። በ2006 ለነጋዴዎች በተዘጋጀ የምሳ ግብዣ ላይ ያን ጊዜም አልተጸጸትሁ፣ አሁንም አልጸጸትም፤ ይቅርታ የጠየቅሁት መርዶክ ስላዘዘኝ ነው ማለቱ ተዘገበ። በ2012 የአጣሪው ቡድን ሪፖርት ሲወጣ እንደገና ይቅርታ ጠየቀ፤ አርዕስቱ «እውነቱ» ከሚል «ውሸቶቹ» ቢል ይሻል ነበር አለ። በዚያው ወር ደግሞ በደረሰብኝ ጥላቻ ምክንያት ፖሊስ እኔን ይቅርታ ይጠይቀኝ ብሎ በጠበቃ አስጻፈ። ሱብሃነላህ! የ97 ሰዎች ቤተሰቦች በቆሙበት የተበዳይ ወረፋ ላይ እሱም ገብቶ ተሰለፈ።

አሁን ያንን የ1988 ይቅርታ አንሱልኝ። ዘፋኙ ባለጸጋ ነበረ፤ ጠበቃ ነበረው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ፓውንድና የፊት ገጽ ይቅርታ አገኘ። በ1992 ጋዜጣው የእንግሊዟ ንግሥት ለገና የምታሰማውን ንግግር ቀኑ ሳይደርስ አወጣ፤ ንግሥቲቱ ክስ ስትጀምር በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ለበጎ አድራጎት 200,000 ፓውንድ ከፈለ። የሊቨርፑል ሠራተኞች ልጆች ግን ጋዜጣው በፊት ገጹ ላይ ስማቸውን እስኪያነጻ ድረስ እስከ ሴፕቴምበር 2012 ጠበቁ። ሃያ ሦስት ዓመት! ዘፋኙ በዓመታት፣ ንግሥቲቱ በወራት፣ ድሃው በትውልድ። ውሸቱ ለሁሉም እኩል ነበር፤ ይቅርታው ግን ዋጋ ወጥቶለታል። በሰውየው የሥራ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ወደ እኛ ሲዞር

ማኬንዚ በ1994 ከዋና አዘጋጅነት ለቅቆ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ሬዲዮ ሥራ ገባ፤ በኋላም በ«ዘ ሰን» ላይ ዓምድ ጸሐፊ ሆነ። በጁላይ 14 ቀን 2016 በፈረንሳይ ኒስ ከተማ አንድ ነፍሰ ገዳይ ሰዎችን በመኪና ጨፍልቆ 86 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ። ዜናውን በእንግሊዝ ቻናል 4 ቴሌቪዥን ካቀረቡት አንዷ ፋጢማ ማንጂ ነበረች፤ ሒጃብ ትለብሳለች። ማኬንዚ ሙስሊም ያደረሰው እልቂት በሚዘገብበት ጊዜ ሒጃብ የለበሰች ሴት ካሜራ ፊት መቅረቧ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ጻፈ። አቤቱታ ቀረበ። የጋዜጦቹ ተቆጣጣሪ ድርጅት በኦክቶበር ወር ጽሑፉ ደንብ አልጣሰም ብሎ ወሰነ።

የነገሩን አሠራር ተመልከቱ፤ ከ1989ኙ ጋር አንድ ነው። ያኔ ጥቂት አጥፊዎች አሉ ብሎ አንድ ከተማ ሙሉ ወነጀለ፤ አሁን አንድ ነፍሰ ገዳይ አለ ብሎ ሥራዋን የምትሠራ ሴት በራስ መሸፈኛዋ ወነጀለ። በኤፕሪል 2017 ደግሞ የኤቨርተንን ተጫዋች ሮስ ባርክሌን ከጎሪላ ጋር አመሳስሎ ጻፈ፤ የተጫዋቹ አያት ናይጄሪያዊ ናቸው። ጽሑፉ የወጣው የሂልስቦሮ መታሰቢያ ቀን ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ጋዜጣው ሰውየውን አገደው፤ ብዙም ሳይቆይ ተለያዩ። ሦስተኛውን የተውበት መስፈርት፣ ላለመመለስ መቁረጥን፣ ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ግን ውድ አንባቢያን፣ አንድ የሚመር ነገር ልናገር። ብዙዎቻችን የዚህን ሰው ስም የሰማነው የእኛን እህት ሲነካ ነው። ያን ጊዜ ተቆጣን፤ መቆጣታችንም ተገቢ ነበር። የሊቨርፑል እናቶች ግን ከዚያ በፊት ሃያ ሰባት ዓመት አልቅሰዋል። ውሸትን የምንጠላው እኛን ሲነካ ብቻ ከሆነ የጠላነው ውሸትን አይደለም፤ መነካታችንን ነው። ሑጁራት ሱራ ላይ የመጣው የማጣራት ትእዛዝ «ወሬው ስለ ወገንህ ከሆነ አጣራ» የሚል ገደብ የለበትም።

የራሴን ሳልናገር ግን ይህን ጽሑፍ ብዘጋ ግብዝነት ይሆንብኛል። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ኡስታዝ ነበር። ለመድረሳው ጣሪያ የተዋጣውን ገንዘብ በላ ተብሎ ተወራ። ለእኔ የነገረኝ ሰው የማምነው ሰው ነበር። «ከማን ሰማህ?» አላልኩትም። ከዐስር ሰላት በኋላ ለሁለት ሰዎች ነገርኩ፤ «የተረጋገጠ ነው» ብዬም ጨመርኩበት። ያቺ «የተረጋገጠ ነው» የምትለዋ ቃል የራሴ ነበረች። ሁለቱ ለሌሎች ነገሩ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከእሱ ዘንድ አወጡ። ከሳምንታት በኋላ ሒሳቡ ሲመረመር ቆርቆሮው ተገዝቶ ነጋዴው ግቢ ተቀምጦ ተገኘ፤ ኡስታዙ ግን አገሩን ለቆ ሄዶ ነበር።

ፈልጌ አገኘሁትና ዐፉ በለኝ አልኩት። ዐፉ አለኝ። ከዚያ ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ለእኔ ነገርከኝ። ለነገርካቸውስ ነገርካቸው?» ሁለቱን አግኝቼ ነገርኳቸው። ሁለቱ የነገሯቸውን ግን ሁሉንም ማግኘት አልቻልኩም። እስከ ዛሬ በዚያ ሠፈር ያንን ኡስታዝ «ያ ገንዘብ የበላው» እያለ የሚያነሳው ሰው ይኖራል፤ አማፂው እኔ ነኝ።

ማኬንዚን ስኮንን ራሴን ነፃ እያወጣሁ እንዳልሆነ የምታውቁልኝ በዚህ ነው። የእሱ ወሬ አራት ሚሊዮን ቅጂ ነበረው፤ የእኔ ሁለት ጆሮ። የእጁ አሠራር ግን አንድ ነው፤ «አሉ» የሚለውን አውጥቶ «እውነት ነው» የሚለውን ማስገባት። ዛሬ ደግሞ በየኪሳችን ማተሚያ ቤት ይዘን እንዞራለን። በስልካችን አንዲት ቁልፍ ስንነካ የማናውቀው ሰው የላከውን የማናውቀው ሰው ዘንድ እናደርሳለን፤ ብዙ ጊዜም ከላዩ ላይ «እውነታው ይህ ነው» ብለን እንጽፍበታለን። በዚያች ሰዓት እያንዳንዳችን ዋና አዘጋጅ ነን። ማኬንዚን ያሳሳተው ፖሊስ ነው ከተባለ፣ እኛን ያሳሳተን ማን ነው ልንል ነው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። ወሬ ሲመጣላችሁ «ምን?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን?» በሉ። ሁለት ሰው ነገረኝ ስትሉ ሁለቱ ከአንድ ሰው ሰምተው እንደሆነ ጠይቁ። ተሳስታችሁ ከተገኛችሁ ደግሞ ማስተካከያውን ውሸቱ በደረሰበት ጆሮ ሁሉ፣ ውሸቱን በተናገራችሁበት ድምፅ ልክ አድርሱ፤ በትልቅ ድምፅ የሰደበ በሹክሹክታ ይቅርታ አይጠይቅም።

ለሞተ ሰው ጠበቃ የለውም። የሞተን ሰው ስም የሚጠብቀው በሕይወት ያለው ሰው ምላስ ነው። ምላሳችንን አላህ ይጠብቅልን።